መጀመሪያ ውጤቱ ይነገረን፣ ከዚያ እንመርጣለን

ምርጫ ሲቃረብ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ቡና የሚፈላበት ቤት ሁሉ የትንበያ ጽሕፈት ቤት ይሆናል። የቡና ቅጠሉ ጨሞ ሳይቀዳ ጥያቄው ይቀድማል፦ «የትኛው ያሸንፋል?» ስለ አንድ ትንሽ ፓርቲ ቃል ከተነፈስክማ በዕድሜ የገፉት ጋሼ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ያዝኑልሃል። «ልጄ፣ ድምፅህን ለምን ታባክናለህ? ለሚያሸንፈው ስጥ እንጂ!» ፕሮግራሙ ምን ይላል ያለ የለም። ዕጩው ማን ነው ያለ የለም። ሰውዬው ቴፒን ረግጧት ያውቅ እንደሆነ እንኳ የጠየቀ የለም።

ይህ ነገር ሲያንገበግበኝ ኖሯል። ሳስበው ግን ለካ ጥበብ ነው። ድምፅ የሚሰጠው አሸናፊውን ለመወሰን ሳይሆን ከአሸናፊው ጋር አብሮ ለመቆጠር ኖሯል። እንዲህ ከሆነ ጥፋቱ የመራጩ ሳይሆን የአሠራሩ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ድምፅ ሰጥተን ውጤቱን የሰማነው ሐምሌ 3 ነው። ያን ሁሉ ቀን በትክክል እንምረጥ እንሳሳት ሳናውቅ ተሰቃየን!

መፍትሔው ቀላል ነው። ምርጫ ቦርድ ቅዳሜ ማታ ውጤቱን ያውጅ፤ እኛ እሑድ ጠዋት ወጥተን እንምረጥ። ወረቀቱ ላይ አንድ ምልክት ብቻ ይታተማል። ትናንት ንብ፣ ዛሬ አምፖል እየተባለ ዓይናችን አይንከራተትም። ታዛቢዎችም ሥራቸው ይቀልላል፤ ተሳስቶ የመረጠ ሰው አለመኖሩን ታዝበው ይፈርማሉ።

አንድ ችግር ብቻ ይታየኛል። ከማጂ በኩል ዝናብ መንገድ ዘግቶበት፣ ዜና ሳይሰማ የደረሰ አንድ አባት ይኖራል። ወረቀቱን ተቀብሎ «ሌሎቹስ የት አሉ?» ይላል። አስመራጩ ይደነግጣል፦ «አባቴ፣ ዜና አልሰሙም እንዴ?» «አልሰማሁም፤ ግን መንገድ እሠራለሁ ያለ አንድ ልጅ ነበር፣ እሱን ፈልጌ ነው።» ይህ ሰው እምነት አለበት፤ ለብቻው መቀመጥ አለበት። ስለዚህ በየጣቢያው አንድ ድንኳን ይተከላል። የመራጭ ማስተካከያ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ኮሚቴው ንዑስ ኮሚቴ ይወልዳል። የሁለት ቀን ሥልጠና ከአበል ጋር ይሰጣል። አባትየው በሥልጠናው ማብቂያ አስተያየት ሲጠየቅ «መንገዱስ?» ይላል። ሥልጠናው ይደገማል። ከቦንጋ ከፍተኛ አሠልጣኝ ይላካል፤ መኪናው ግን አባትየው በጠየቀበት መንገድ ላይ ጭቃ ይይዘውና ይቀራል። ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ይይዛል፦ መራጩ በመንገድ ጉዳይ ስለጸና ተጨማሪ በጀት ያስፈልጋል።

አሠራሩ ለሌላውም ይተርፋል። ምስክር ፍርዱን ሰምቶ ይመስክር፤ ተማሪም መልሱ ከተለጠፈ በኋላ ይፈተን።

ይህን ጥበብ ያልቀሰሙ ሰዎች በሰፈራችን ነበሩ። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ከ547 የፓርላማ ወንበሮች 545ቱን ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱ። ሁለት ብቻ አመለጡ። አንዱ በአዲስ አበባ የተቃዋሚው መድረክ ዕጩ አቶ ግርማ ሰይፉ ሲሆኑ፣ ሌላው በግል የተወዳደሩት ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ ናቸው፤ ያውም ከዚሁ ከጎረቤታችን ከከፋ፣ ከቦንጋ! የቦንጋ ሰው ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ሳይጠይቅ መረጠ፤ የመረጠውም ገባለት። ደግነቱ በ2007 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወሰዱና ስሕተቱ ታረመ።

ያነበቡ ወዳጆቼ ደግሞ አሜሪካን ይጠቅሱልኛል። እ.ኤ.አ. በ2000ው የፕሬዚዳንት ምርጫ ፍሎሪዳ ላይ የትንሽ ፓርቲ ዕጩው ራልፍ ኔደር ከ97 ሺህ በላይ ድምፅ ወስዶ፣ ቡሽ አል ጎርን በ537 ድምፅ ብቻ በለጠው፤ «አየህ፣ ትንሽ ፓርቲ መምረጥ የሚያመጣውን!» ይሉኛል። አይቻለሁ። እኛ ዘንድ በ2013ቱ ምርጫ ውጤታቸው ከተነገረ 436 ወንበሮች ብልጽግና 410ሩን ወሰደ። ታዲያ እኔ በአንዲት ድምፄ የማንን ድል ነው የምሰርቀው? በእርግጥ በሕጋችን በምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያልፋል፤ ከግማሽ በላይ አግኝ የሚለው የለም። ተቃዋሚዎች ድምፅ ከተሻሙ ሁሉም ሊወድቁ ይችላሉ። ይህ ግን ተባበሩ ብሎ እነሱን ለመውቀስ ይሆናል እንጂ 410 ወንበር ለወሰደው 411ኛ ለመጨመር ምክንያት አይሆንም። አሸናፊው ራሱ እንኳ አራት ወንበር ካገኘው ኢዜማ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋን ወስዶ የትምህርት ሚኒስትር አድርጓል። እሱ ያልናቃቸውን እኛ ናቅናቸው።

አሁንስ ሽሙጡ ይብቃኝ። ፈርቶ የሚመርጥ ሰው ላይ አልስቅም፤ ፍርሃቱ ምክንያት አለው። እኔን የሚያበሳጨኝ ማንም ሳያስፈራራው፣ ቡናውን እየጠጣ፣ ስንፍናውን ጥበብ ብሎ ለልጆች የሚያስተምረው ነው።

ይህ ደግሞ የቡና አገር ነው። እሸት ቡናውን ተሸክሞ የወጣ ገበሬ፣ አንድ ሰብሳቢ ብቻ ሚዛን ዘርግቶ ሲጠብቀው ዋጋውን ማን እንደሚቆርጥ ያውቃል። ማዶ ሌላ ሰብሳቢ ከቆመ ግን፣ ለዚያኛው አንድ ኪሎ ባይሸጥለት እንኳ፣ የመጀመሪያው ሰውዬ አነጋገሩ ይለዝባል፤ ዋጋውንም ከፍ ያደርጋል። ተሸንፎም በርካታ ድምፅ ያገኘ ፓርቲ ማዶ የቆመው ሰብሳቢ ነው። አሸናፊው እነዚያ ሰዎች ለምን እንደሸሹት ለመጠየቅ ይገደዳል። ሁሉም ለእሱ ከሰጠው ግን ማንን ፈርቶ ይጠይቃል?

መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. እኛ በዚህ አካባቢ የምንኖር ክልል እንሁን ብለን ሕዝበ ውሳኔ ስንሰጥ «የእኔ አንድ ድምፅ ምን ያመጣል?» ብሎ ቤቱ የተቀመጠ ወዳጅ አላስታውስም። የዚያን ዕለት ድምፅ ዋጋ ነበረው፤ ከዚያ ወዲህ የቀነሰው ማን ነው?

ስለዚህ ዕጩ በመጣ ቁጥር ስለ ቡናው ዋጋ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጤና ጣቢያው መድኃኒት ጠይቁት። መልሱ ካሳመናችሁ፣ አምስት ሰው ብቻ የሚከተለው ቢሆንም ምረጡት። ካላሳመናችሁ፣ ማሸነፉ የተረጋገጠ ነው ቢሏችሁም ተዉት፤ የተረጋገጠለት ሰው የእናንተ ድምፅ አያስፈልገውም።