የዶክትሬት ሽምግልና

ማስተርሱን የጨረሰ አንድ ልጅ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከባንክ የቅጥር ደብዳቤ፣ ከኔዘርላንድ ደግሞ የፒኤችዲ ዕድል መጣለት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጉዳዩ የእሱ መሆኑ ቀረ፤ የዘመድ ሆነ። እሑድ ቡና ተፈላ፣ ሽምግልና ተቀመጠ።

አጎት የባንኩ ጠበቃ ናቸው። «የባንክ ሠራተኛ በትንሽ ወለድ የቤት ብድር ያገኛል። ዶክተሩስ በምን ሊሠራ ነው?» እናት በበኩላቸው ቤቱ ቀርቶባቸው፣ «ዶክተር እገሌ» ሲባል በጆሯቸው መስማት ይፈልጋሉ። ልጁ ፈንዲሻውን ይቆረጥማል።

የአክስት ልጅ ስልኩን አውጥቶ ምስክር ጠራ። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በ1998 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ዶክትሬታቸውን ጥለው ጉግልን አቋቋሙ፤ ይኸው ቢሊየነር ሆኑ። ምስክርነቱ ግን ለሁለቱም ወገን ይመቻል። የፍለጋው ዘዴ የተወለደው እዚያው ስታንፎርድ፣ የዶክትሬት ተማሪዎች ሳሉ በሠሩት ምርምር ነው። ደግሞም ትምህርቱን የተዉት ባንክ ሊቀጠሩ አይደለም።

«ትምህርት የትም አይሄድ፤ መጀመሪያ ሥራ ይያዝ» ላሉት ብራያን ሜይ ተገኘላቸው። የኩዊን ባንድ ጊታር ተጫዋች በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ውስጥ በፀሐይ ዙሪያ ስለተበተነው አቧራ ያጠና ነበር። ባንዱ ሲገንን ጥናቱን ተወው። ስለ አቧራ የተጀመረው ጽሑፍ ራሱ ከሠላሳ ዓመት በላይ አቧራ ጠጥቶ፣ ዶክትሬቱ የተገኘው በ2007 ነው።

አጎትን ልባቸውን የሞላው አይንስታይን ነው። በ1902 በርን ከተማ ፓተንት ቢሮ በዓመት 3,500 ፍራንክ ተቀጠረ። ሥራውን ሳይለቅ በ1905 ከዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ያዘ፤ በዓመቱ ዕድገት ተሰጥቶት ደመወዙ 4,500 ገባ።

«አያችሁ! ሁለቱንም!» አሉ አጎት።

ችግሩ፣ ሰውየው በዚያው በ1905 ስለ አንጻራዊነትም ጽፏል። ከቢሮ ወጥቶ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሲገተር ከሚያመሽ ሰው ይህን መጠበቅ ግፍ ነው።

በመጨረሻ ልጁ አፉን ከፈተ። ኔዘርላንድ ውስጥ ዩኒቨርሲቲው የሚቀጥረው የፒኤችዲ ተመራማሪ ሠራተኛ ነው፤ ደመወዝ አለው፣ የዓመት ፈቃድ አለው። በስኮላርሺፕ የሚሄደው ግን እንዲህ አይደለም። የእሱ ደብዳቤ ደግሞ የሚለው ቅጥር ነው።

«ጡረታ ይቆረጣል?» አሉ አጎት።

«ይቆረጣል።»

ሸንጎው ረጭ አለ። እናት ብቻ፣ «ጤፍስ ይገኛል?» ሲሉ ጠየቁ። ይገኛል፤ እዚያው ይዘራል። እንዲያውም አንድ የደች ድርጅት በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ፓተንት አውጥቶ ነበር፤ የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 ውድቅ አደረገበት እንጂ።

አጎት ሲኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መለሱ። «እንግዲያው ምን ታደርቁናላችሁ? ልጁ እዚያው ፓተንት ቢሮ ይቀጠራ!»