የዕቃቃ ቡና፦ ችላ ስለተባለ አንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም

ጅማ ውስጥ ከፍተኛ ትምህርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 በተቋቋመው የእርሻ ትምህርት ቤት ነው የሚለው አባባል ሊታረም ይገባዋል። ያ ትምህርት ቤት ኋላ ኮሌጅ ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ከተከፈተው የጤና ሳይንስ ተቋም ጋር ተዋሕዶ በ1999 ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ በዚህ አንከራከርም። ነገር ግን ከሁሉም በፊት ሕንፃ ሳይኖረው፣ በጀት ሳይመደብለት፣ ሬጅስትራር ሳይቀጥር በየጓሮው ሲያስተምር የኖረ ተቋም አለ። ስሙ ዕቃቃ ይባላል። ይህ ጥናት የተቋሙን የቡና ፋኩልቲ ይመለከታል።

ዕቃቃ ማለት ዕድሜያቸው ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት የሆኑ ሰዎች፣ ትልልቆች በሌሉበት ወይም ትልልቆችን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ፣ ቤት መሥርተው፣ ተጋብተው፣ ወልደው፣ ተጣልተውና ታርቀው ከምሳ በፊት የሚጨርሱት ሥራ ነው። በመላ አገሪቱ ይሰጣል። በጅማ፣ በአጋሮ፣ በየቡ፣ በሊሙ ገነትና በሰቃ ግን ወደ ቡና አድልቷል። የአዲስ አበባ ዕቃቃ ጠጠር ይቆላል። ለአጋሮ ልጅ ጠጠር ብታቀርብላት ታዝንልሃለች። ከአልጋ ላይ፣ ማለትም ከቡና ማድረቂያው አልጋ ላይ፣ የተንጠባጠበውን ጀንፈል ለቅማ፣ በድንጋይ ፈልፍላ፣ ገለባውን በትንፋሿ አበጥራ ነው የምትመጣው። እናቷ ይህን «ቆሻሻ ስትነካካ ዋለች» ትለዋለች። መልኮ ያለው የእርሻ ምርምር ማዕከል ግን እንዲህ ያለውን ነገር የድህረ ምርት ዝግጅት ነው የሚለው።

ለላቦራቶሪ የሚያስፈልገው ጭቃ ነው። ጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አፈሯም ቀይና የሚለቁጥ ነው። ስለዚህ በግብዓት እጥረት ትምህርት ተቋርጦ አያውቅም። በበጋው ወራት ተማሪዎቹ ከቤት በርሜል በጣሳ ውኃ እየሰረቁ ችግሩን በራሳቸው አቅም ይፈታሉ። ጀበናው ከጭቃ ይሠራል፤ አንገቱ እንዳይሰበር እንጨት ይገባበታል። ስኒው ቆርኪ ነው። ረከቦቱ የጡብ ስባሪ፣ ማቶቱ ከደረቀ የኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቀለበት ነው። እሳቱ የለም። እሳቱ ባይኖርም ቡና አፍይዋ ጀበናውን ስታወርድ ጣቷን ትልሳለች፣ ጎረቤትም «እሰይ፣ አቃጠለሽ?» ይላል። አንድ የፊዚክስ መምህር ሙቀት በሌለበት ቃጠሎ ሊኖር አይችልም ብለውኛል፤ እሳቸው ምልከታውን አላደረጉም።

የጥናቱ ዘዴ ተሳታፊ ምልከታ ነው። አጥኚው አጋሮ ውስጥ ባለ አንድ ግቢ ፈቃድ ጠይቆ ሲገባ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይሆናሉ?» ተባለ። «ተመራማሪ» አለ። እንዲህ ያለ የሥራ መደብ እንደሌለ ተነገረው። እናት፣ አባት፣ ሁለት ጎረቤት፣ ሠራተኛና ባለሱቅ ተይዘዋል፤ ክፍት የነበረው «ሕፃን» ብቻ ስለነበር በዚያ ተመደበ። ከምደባው በኋላ «እርስዎ» መባሉ ቀርቷል። ተኛ ተባለ፤ ተኛ። አልቅስ ተባለ፤ አለቀሰ። «እንዲህ አይለቀስም» ተብሎ ታረመ፣ የሦስት ዓመቱ ባለሱቅም ሥራውን ትቶ ትክክለኛውን አለቃቀስ አሳየው። የሙያ ሥልጠና ላይ ብዙ ተቀምጫለሁ፤ አሠልጣኙ ራሱ የሚችለውን ነገር ሲያሠለጥን ማየት ብርቅ ነው።

ሕፃን ሆኖ መተኛት ለታዛቢ ምቹ ነው፤ ማንም ከቁጥር አያስገባህምና። በመጀመሪያ የሚታየው የሥርዓቱ ጥብቅነት ነው። ቡናው ተቆልቶ ጢሱ ለእንግዶች በየተራ ይዞራል፤ እያንዳንዱ እንግዳ የሌለውን ጢስ በእጁ ወደ አፍንጫው ይስባል። አቦል ሳይቀዳ ቶና አይቀዳም። በረካ ሳይጠጣ ሊነሣ የሞከረ ጎረቤት «እሱ ጋ እንዳትሄዱ» ተብሎ ለቀሪው ቀን ተገልሏል። ስኳሩ አሸዋ ነው። ከገጠር የመጣች የአክስት ልጅ ግን አሸዋው ጨው መሆን እንዳለበት ተከራክራለች፤ በአካባቢው ገጠር ቡና በጨው ይጠጣልና ክርክሯ መሠረት ያለው ነበር። ጉዳዩ ሳይፈታ ለሌላ ቀን አድሯል።

ቀጥሎ የቋንቋ ትምህርት አለ። አንዷ በር ላይ ቆማ «ቤቶች!» አለች። በር የለም፤ መስመር በእንጨት ተሠምሯል።

«ደኅና አደሩ እትዬ?»

«አልሐምዱሊላህ። ይግቡ፣ ይግቡ፣ ምነው ጠፉ?»

«ምን እባክዎ፣ ልጁ አሞብኝ። ስኳር ገዙ እንዴ?»

«ኧረ ይተዉኝ! ኪሎው የት እንደደረሰ አልሰሙም?»

ተናጋሪዎቹ የአምስትና የስድስት ዓመት ሰዎች ናቸው። ከዚህ ውይይት በፊት አንደኛዋ ሌላይቱን «አንቺ ንፍጣም» ብላት ነበር። የበረካው ምርቃት በኦሮምኛ ሆነ፣ ሁሉም እጁን ዘርግቶ ተቀበለ፤ ከዚያ ስለ ሌለች ጎረቤት ሐሜቱ በሁለቱም ቋንቋ ቀጠለ። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩ አንዳቸውም አልተደናቀፉም። ይህን ያህል አክብሮት፣ ይህን ያህል ሰዋስውና ይህን ያህል የዋጋ መረጃ በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያስጨብጥ መማሪያ መጽሐፍ ካለ ይምጣ።

የሒሳብ ፈተናው ስድስት ቆርኪ ለስምንት ሰው ማዳረስ ነበር። እናትየው ጥቂት አሰበችና «እናንተ ሁለታችሁ ጾመኛ ናችሁ» አለች። መልሱ ትክክል ነው፤ ቀሪውም ዜሮ ነው።

ሩሲያዊው ሌቭ ቪጎትስኪ እ.ኤ.አ. በ1933 ስለ ጨዋታ በሰጠው ትምህርት፣ ሁለት እህትማማቾች «እህትማማች እንሁን» ብለው ሲጫወቱ የሚሆነውን አንሥቷል። ቀን ሙሉ ሳያስቡት እህትማማች ሆነው የሚውሉት ልጆች፣ ሲጫወቱት ጊዜ እህት ምን እንደምታደርግና ምን እንደማታደርግ ደንቡን ያስተውሉታል። የአጋሮው መረጃ ይህንን ያጠናክራል። በአጥር ቀዳዳ እየሾለኩ አንዱ የሌላውን ዳቦ የሚቀሙ ጎረቤታሞች፣ ጎረቤታም ሆነው ሲጫወቱ ሳይጠሩ አይገቡም። ማንም «ሥርዓት ያዙ» አላላቸውም። እናቶቻቸው ሲሏቸው ደግሞ አይሰሙም።

ከቡና ፋኩልቲ ውጪ ያሉትን ክፍሎች በአጭሩ እንለፋቸው። የትራንስፖርት ክፍሉ ከሽቦ አይሱዙ ይሠራል፤ ጎማው ቆርኪ፣ ጭነቱ ጀንፈል ነው። መንገድ ላይ ገመድ የያዘ ልጅ ኬላ ሆኖ ደረሰኝ ይጠይቃል። ሹፌሩ ቅጠል ያሳያል፤ ቅጠሉ ያለፈው ዓመት ነው ተብሎ ይመለሳል። የኬላ ሠራተኛነት ሁሉም የሚጣላበት ሥራ ሆኖ ሳለ የሹፌርነት ፈላጊ ማነሱን የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ቢያጠኑት መልካም ነው። ገበጣንማ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት በሰፊው ስላጠኑት እኛ አንጨምርበትም።

የሕግ ክፍሉ ብይ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ ስለ ሕፃናት የሞራል ፍርድ እ.ኤ.አ. በ1932 ላሳተመው መጽሐፍ ሲል የጄኔቫና የኑሻቴል ልጆችን ብይ አስጫውቶ ስለ ደንቡ ጠይቋል። ትንንሾቹ ደንብ ከትልልቆች የወረደና የማይነካ ነው ይላሉ፣ ነገር ግን እያንዳንዱ የራሱን ይጫወታል። ዐሥራ አንድና ዐሥራ ሁለት ዓመት ላይ የደረሱት ደንብ በስምምነት እንደሚለወጥ ያውቃሉ፣ ጥቃቅኑን ሁሉ ይደነግጋሉ፣ ያከብሩታልም። ጅማ ላይ ጨዋታው ሩብ ሰዓት፣ «አይቆጠርም!» በሚለው ነጥብ ላይ ያለው ሙግት ግን አንድ ሰዓት ይፈጃል። ተሟጋቾቹ በቀጠሮ አይለያዩም፤ ብዩን ያመጣው ልጅ «እንግዲያው ብዬን ስጡኝ» ሲል ውሳኔው ወዲያው ይሰጣል። የንብረት ሕግ ከሌላው ሕግ በላይ መሆኑን በዚህ ዕድሜ ይማራሉ።

አንድ ነገር መለየት ይገባል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡናው ሲቀላ ተቋሙ ባዶ ይሆናል፤ ከፍ ከፍ ያሉት ተማሪዎች ቅርጫት ይዘው ለቀማ ላይ ናቸው። እሸቱን ቀዩን ካረንጓዴው እየለዩ ሲለቅሙ ያየ ትልቅ ሰው «እየተጫወቱ ነው» ሊል ይችላል። ልጆቹ አይሳሳቱም። ዕቃቃ ላይ «ደከመኝ፣ አልጫወትም» ማለት ይቻላል።

ወደ ተፎካካሪው ተቋም፣ ወደ መዋዕለ ሕፃናት፣ እንምጣ። ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ፍሩበል እ.ኤ.አ. በ1837 በባድ ብላንከንቡርግ ልጆች በኳስና በእንጨት ኩብ እየተጫወቱ የሚማሩበትን ቤት ከፈተ። የፕሩስያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1851 መዋዕለ ሕፃናትን በአገሩ ከለከለ፤ ለሃይማኖትና ለሥርዓት ያሰጋል ብሎ ነው። ክልከላው በ1860 ተነሣ። በእኛ በኩል እገዳ አላስፈለገም። መዋዕለ ሕፃናቱን ከፍተን፣ ጨዋታውን ብቻ አስቀርተን፣ ያንኑ ውጤት በሰላም አግኝተናል።

ሕጉ እንኳ ተሟልቷል። የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 31 ልጅ የመጫወት መብት አለው ይላል። ኢትዮጵያ ኮንቬንሽኑን የተቀበለችው ግንቦት 6 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው። ታንኩ ወደ አዲስ አበባ እየተጠጋ የልጆችን ሰኞ ማክሰኞ የሚያስታውስ ቢሮ መኖሩ ለአገሪቱ ቢሮክራሲ ያለኝን አድናቆት አሳድጎታል። ተተኪው መንግሥትም በአዋጅ ቁጥር 10/1984 አጸደቀው። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች ለሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት የጋራ የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ፤ ዜሮ ክፍል በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። የ2015ቱ የትምህርት ፖሊሲ ደግሞ የሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛ ደነገገ። ወረቀቱ ላይ ጨዋታ አለ። ክፍሉ ውስጥ አግዳሚ ወንበር አለ።

የግሉ ኬጂ ጉዳይ ይለያል፤ እዚያ ወላጅ ይከፍላል። የከፈለ ወላጅ ማታ «ምን ተማርሽ?» ሲል «ተጫወትን» የሚል መልስ ከሰማ በማግስቱ ዳይሬክተሩ ቢሮ ይገኛል። «ለጨዋታማ ቤቷስ ምን አላት?» ይላል። አባባሉ በሳይንስ ረገድ እንከን የለውም፤ ቤቷ ውስጥ ጭቃው፣ ቆርኪውና ጎረቤቱ ሁሉ አለ። ይሁን እንጂ ወደ ቤቷ ስትመለስ ሁለት ገጽ የቤት ሥራ ይዛ ስለምትመጣ እዚያም አትደርስም። በዓመቱ መጨረሻ ጋውን ለብሳ ትመረቃለች። ዕቃቃ ተመራቂ የለውም፤ ተማሪዎቹ አንድ ቀን ዝም ብለው ይቀራሉ።

ይህች አንቀጽ ቀልድ የለባትም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በከባድ የምግብ እጥረት ለሚታከሙ ሕፃናት ተመራማሪዎች ከመደበኛው ሕክምና ጋር ጨዋታን ጨምረው፣ ወላጆችን አሠልጥነው፣ ከሆስፒታል ከወጡም በኋላ በቤታቸው ተከታትለዋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ውጤት፣ የተጫወቱት ሕፃናት በሰውነት እንቅስቃሴና በእጅ ቅልጥፍና ካልተጫወቱት መሻሻላቸውን ያሳያል። ቀደም ሲልም በ2016፣ ዴንቨር 2 የተባለውን የልጆች ዕድገት መለኪያ ለጅማ ልጆች እንዲስማማ አድርገው አሻሽለውታል። አሜሪካኖቹ ልጁ የካርቶን ቁርሱን በራሱ ማዘጋጀት መቻሉን ይጠይቁ ነበርና።

እንግዲህ የምክረ ሐሳቡ ተራ ነው። አጥኚው ግኝቱን ለአንድ የኬጂ ዳይሬክተር አቀረበ። ዳይሬክተሩ ቅን ሰው ናቸው፤ ሙሉውን አዳምጠው፣ በሳምንቱ መርሐ ግብር ውስጥ ዓርብ ከሰዓት የሃያ ደቂቃ «የጨዋታ ክፍለ ጊዜ» አስገቡ፣ ዕቅድም አስጻፉ፤ ዓላማ፣ ዝርዝር ዓላማ፣ የማስተማሪያ መሣሪያ፣ ምዘና። መሣሪያው ከአዲስ አበባ የተገዛ የፕላስቲክ ጀበና ከነስኒው ነበር፤ እንዳይሰበር ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ እንዲታይ ተወሰነ። በቀጠሮው ሰዓት ልጆቹ በቁመት ተሰልፈው ገቡ፣ እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ። መምህርቷ አጨበጨበችና «ልጆች፣ በሉ አሁን ተጫወቱ!» አለች። ዝም አሉ። እርስ በርስ ተያዩ። ከፊት ወንበር የተቀመጠችው፣ አጋሮ ላይ አክስቷ ቤት ስትሰነብት እናት ሆና ሁለት ሰው ያስጾመችው ልጅ፣ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ደብተር እናውጣ?»