ቡፌ ውስጥ የከረመው ወይን

በእኛ ዘመዶች ቤት ወይን የሚጠጣ ነገር አይደለም፤ የሚታይ ነው። ለሰርግ ስጦታ ይመጣል፣ ቡፌ ውስጥ ከስኒውና ከምርቃት ፎቶው መሃል ይቆማል፣ የክብር እንግዳ ይጠብቃል። እንግዳው ሲመጣ ደግሞ "ለዚህማ አይከፈትም" ይባላል። ሲኤምሲ የሚኖሩት አጎቴ በዚህ ቀልድ አያውቁም። "ወይን በቆየ ቁጥር ይበስላል" ይሉና፣ ነገሩ እሳቸውንም እንደሚጨምር እንዲገባን ሽበታቸውን ይዳብሳሉ።

ባለፈው ፋሲካ የእሳቸው ጠርሙስ ተከፈተ። ቡሹ ተፈርፍሮ ግማሹ ወደ ውስጥ ገባ። ቀመስን። ሰላጣ ቢኖር ኖሮ ደግ ነበር። አጎቴ ግን ብርጭቋቸውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው፣ "ቸኮላችሁ፤ ጥቂት ዓመት ይቀረው ነበር" አሉ።

ጠርሙሱን መውቀስ ግፍ ነው። በዓለም ላይ አብዛኛው ወይን የሚጠመቀው በጥቂት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ ነው። ዘመን የሚሻገረው በአብዛኛው ታኒን ወይም አሲድ በደንብ የያዘው ነው፤ እሱም ቡሹ እንዳይደርቅ ተጋድሞ፣ ከብርሃን ርቆ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ። የአጎቴ ቡፌ ከምሥራቅ መስኮት ትይዩ ነው፤ ወይኑ ቆሞ ፀሐይ ሲሞቅ ከረመ።

ወጣቱም ቢሆን አይናቅም። እ.ኤ.አ. በ1976 ፓሪስ ላይ ፈረንሳውያን ዳኞች ስሙ ተሸፍኖ ሲቀምሱ፣ ከቀይ ወይኖች አንደኛ ያደረጉት የካሊፎርኒያውን ስታግስ ሊፕ ነበር። የ1973 ምርት ነው፤ ተክሉም ያኔ ገና የሦስት ዓመት ነበር። ዝዋይ የሚመረተው የካስትል ወይን ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ በአጎቴ ስሌት ጡት አልጣለም። ቦሌ ግን ያለ ምንም ኀፍረት ይጠጣዋል።

ስለ ፎቶ አንሺ ዕድሜ የምንከራከረውም ያው ነው። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ በቅርቡ ካሜራ የገዛ ዘመዳችን አሁን ሰርግ ያነሳል። ሙሽሮቹን "ዘና በሉ" እያለ ዛፍ ያስወጣቸዋል። አጎቴ በዕድሜው ይንቁታል። እሳቸው የሚያከብሩት የድሮ ፎቶ አንሺያቸውን ነው፤ ሰውየው ሠላሳ ዓመት ሙሉ "አገጭ ቀና!" ብሏል። በእሱ ጉርድ ፎቶ ቤተሰባችን በሙሉ ፖሊስ የሚፈልገው ይመስላል።

ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ ላርቲግ ዘመዱ ከደረጃ ስትዘል አየር ላይ ያስቀራት እ.ኤ.አ. በ1905 ነው፤ ያኔ ድምፁ እንኳ አልጎረነነም ነበር። በሌላ በኩል የቦያጅያን ቤተሰብ አለ፤ ቤድሮስ፣ ኋላም ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም፣ የቤተ መንግሥታችን ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። እዚያ ቤት ልምድ እንደ ርስት ይወረስ ነበር። ታዲያ ማን ይረታል? ሕፃኑ ወይስ ሽማግሌው?

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይባላል። ይሄዳል፤ ግን ዶሮ ስለታቀፈችው ነው። ካልታቀፉት ቢቆይ ይገማል እንጂ እግር አያወጣም። የቦሌው ልጅ ከእያንዳንዱ ሰርግ በኋላ ያነሳውን ሲያይ፣ ሲሰርዝ፣ ራሱን ሲሰድብ ያነጋል። ባለ ሠላሳ ዓመቱ ግን ሥራውን መለስ ብሎ ያየው አይመስለኝም፤ ቢያይማ ኖሮ ይደነግጥ ነበር።

ይህንኑ ለአጎቴ አስረዳኋቸው። አሰቡበትና፣ "እኔን ታዲያ ማን ታቀፈኝ?" አሉ።

"እኔ ነኛ፤ አርባ ዓመት!" አሉ ባለቤታቸው ከጓዳ። "እግር አላወጣህም እንጂ!"