ሁለተኛው ጥናት

ለማስተርስ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ሁለት ጥናት እንደሚጠብቀው ማንም አስቀድሞ አይነግረውም። አንደኛው ትምህርት ክፍሉ የሚያውቀው፣ ፕሮፖዛል የቀረበበትና ርዕሱ የተመዘገበው ነው። ሁለተኛው አማካሪው ናቸው። ለዚህኛው ፕሮፖዛል አይጻፍም፤ በጀትም የለውም። ጊዜውን የሚበላው ግን እሱ ነው።

የመረጃ አሰባሰቡ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ዶክተሩ ቢሯቸው የሚገኙት ማክሰኞ ነው ወይስ ሐሙስ? ከማኪያቶ በፊት ይሻላል ወይስ በኋላ? መኪናቸው ግቢ ቆማ ቢሯቸው ተቆልፎ ከተገኘስ ምን ተብሎ ይተረጎማል? ቀዳሚዋ ምንጭ የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ናት። «ስብሰባ ላይ ናቸው» ካለች ስብሰባ ላይ ናቸው፤ «ዛሬስ ባትገባ ይሻልሃል» ካለች ግን ከየትኛውም ጆርናል የበለጠ የታመነ ግኝት ነው። ነባር ተማሪዎችም በሁለተኛ ደረጃ ምንጭነት ያገለግላሉ፦ «ሰንጠረዥ አታብዛ፣ አይወዱም። የሳቸውን ጽሑፍ ካልጠቀስክ ደግሞ ምዕራፍ ሁለትን እርሳው።»

ይህ ጥናት በአገራችን ዕድሜ ጠግቧል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1978፣ የዶክትሬት ትምህርት የጀመረው ደግሞ በ1987 ነው። ከዛሬ አማካሪዎች ብዙዎቹ ትናንት በዚያው ኮሪደር ግድግዳ ተደግፈው በር ሲጠብቁ የነበሩ ናቸው። «ፍላሼ ተበላሽቶ ነው» የሚለውን ሰበብ ገና ዲስኬት በነበረ ጊዜ ራሳቸው ተጠቅመውበታል።

የመጀመሪያው ፍልሚያ ርዕስ ላይ ነው። ተማሪው አፍሪካን የሚያህል ርዕስ ይዞ ይመጣል። «አጥብበው» ይባላል። ወደ ኢትዮጵያ ያወርደዋል። «አሁንም ሰፊ ነው።» አዲስ አበባ ይገባል። «አጥብበው እንጂ!» አንድ ክፍለ ከተማ መርጦ፣ ከክፍለ ከተማውም አንድ ወረዳ ነጥሎ ሲመለስ ዶክተሩ መነጽራቸውን ወልወል አድርገው «ይህቺማ ለምኑም አትበቃም፤ ሰፋ አድርጋት» ይላሉ።

ርዕስ ሳይፈልግ ርዕስ ያገኘው አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ዳንዚግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 በርክሌይ ሲማር አንድ ቀን አርፍዶ ክፍል ገባና ሰሌዳው ላይ ያገኛቸውን ሁለት ጥያቄዎች የቤት ሥራ መስለውት ገለበጠ። ከወትሮው ከበድ ቢሉትም ሠርቶ ለመምህሩ ለየርዚ ኔይማን አስረከበ፤ ስለዘገየም ይቅርታ ጠየቀ። ለካ እስከዚያን ጊዜ ማንም ያልፈታቸው የስታትስቲክስ ጥያቄዎች ኖረዋል። በኋላ የመመረቂያ ርዕስ ሲያስጨንቀው ኔይማን ሁለቱን መፍትሔዎች ጠርዞ ቢያመጣ እንደሚቀበለው ነገረው። የእኛ ተማሪ አርፍዶ ቢገባ የሚያገኘው ከአቴንዳንስ ላይ የሚቀነስ ነጥብ ነው።

አልበርት አይንስታይን ደግሞ አማካሪውን በሚገባ ያጠና ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1905 ለዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበውን ጽሑፍ አልፍሬድ ክላይነር አጥሯል ብሎ መለሰበት፤ እሱም አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጨምሮ መልሶ ቢያስገባው ያለ ተቃውሞ እንዳለፈለት በኋላ እየሳቀ ያወራ ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ተማሪው በዕድሜ አማካሪውን ሲበልጥ ነው። እኛ ዘንድ የመምሪያ ኃላፊው ተማሪ፣ ትናንት የተመረቀው ወጣት አማካሪ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ኃላፊው «አንተ» እንዳይል ሰውየው ዶክተር ነው፤ ወጣቱ «አንተ» እንዳይል ሰውየው ጋሼ ሊባል የሚገባው ነው። ሁለቱም ወደ እንግሊዝኛ ይሸሻሉ። ካምብሪጅም ይህን አይታለች። ፈላስፋው ሉድቪግ ቪትገንሽታይን እ.ኤ.አ. በ1929 ዶክትሬቱን ሲቀበል 40 ዓመት ሞልቶት ነበር፤ አማካሪ ሆኖ የተመደበለት ፍራንክ ራምዚ ግን 14 ዓመት ገደማ ያንሰዋል። ያውም ለመመረቂያ የቀረበው መጽሐፍ ቀደም ብሎ ታትሞ የወጣ ሲሆን፣ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም የራምዚ እጅ ነበረበት። ፈታኞቹ በርትራንድ ረስልና ጂ. ኢ. ሙር ነበሩ። ፈተናው ሲያበቃ ተፈታኙ ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ፣ መቼም ስለማይገባችሁ አትጨነቁ ብሏቸዋል ይባላል። ይህን ዘዴ ስድስት ኪሎ ላይ የሞከረ ካለ ገና አልተመረቀም።

አማካሪውም ቢሆኑ ዝም ብለው አይጠኑም። የመጀመሪያ ዲግሪ ክፍለ ጊዜ፣ ያልታረመ የፈተና ክምር፣ ማለቂያ የሌለው ኮሚቴ አለባቸው። ተማሪው ደግሞ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ስልኩን ዘግቶ ይከርምና ማስረከቢያው ሲደርስ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ መቶ ምናምን ገጽ ልኮ «ነገ ጠዋት ይፈርሙልኝ» ይላል። ዶክተሩ እንቅልፋቸውን አጥተው ያነባሉ። ስለ አዳማ የውኃ አቅርቦት በሚያትተው ምዕራፍ መካከል ድንገት የናይሮቢ ነዋሪዎች ብቅ ይላሉ። በቀይ ቀለም «እነዚህን ማን ጠራቸው?» ብለው ይጽፉና ያድራሉ።

ዲፌንስ አልፎ የመጨረሻው ቅጂ ሲዘጋጅ የምስጋና ገጽ ይቀራል። ወጉ የታወቀ ነው፦ በመጀመሪያ ፈጣሪ፣ ቀጥሎ አማካሪ፣ ከዚያ ቤተሰብ። ትናንት ፎቶ ኮፒ ቤት ተሰልፎ «ሰውዬው አንድ ገጽ እንኳ በጊዜ አላነበቡልኝም» ሲል የነበረው ተማሪ፣ ዛሬ «ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ላልተለየኝ አባታዊ ክትትላቸው» ብሎ ይጽፋል። አንዱ እንዲህ ያለውን ገጽ ጠዋት አስገባ። ከልፋቱ ሁሉ በገባበት ቀን ተነብቦ የተመለሰለት ይኸው ገጽ ብቻ ነበር። እርማቱም አንዲት ናት፤ «ረዳት ፕሮፌሰር» የሚለው በቀይ ተሰርዞ «ተባባሪ ፕሮፌሰር» ተብሏል።