ሰረዛሙ ዲ፣ ደጅ ጠንተው የተመዘገቡት ሟች

ለቀስተኞች ሆይ፣ ዛሬ የምንዘክራቸው ሟች ከአባታቸው ከግሪኩ ፊደል ከቴታ፣ ከእናታቸው ከላቲኗ ፊደል ከዲ በጥንቷ ጎል፣ በዛሬዋ ፈረንሳይ ምድር ተወለዱ። መልካቸው ዲ ነው፤ ሆኖም አጭር ሰረዝ ጣልቃ ገብታባቸዋለች። የልደት ቀናቸውን የጻፈ የለም፤ የሚያስገርምም አይደለም። የሮማው የጦር መሪ ዩሊዩስ ቄሣር እንደሚተርከው የጎል ካህናት፣ ድሩይዶቹ፣ ትምህርታቸውን በጽሑፍ ማስፈርን አይፈቅዱም ነበር፤ ለሌላው ጉዳይ የሚጠቀሙትም በግሪክ ፊደል ነበር። ሮማውያን አገሩን ሲይዙ ጽሕፈቱ ወደ ላቲን ዞረ፣ ሟቻችንም ምናልባት ትና ስ ተጣብቀው የሚወጡበትን ድምፅ የመሸከም ሥራ ተሰጣቸው። እንግዲህ ስም አውጪያቸው ጠላት መሆኑ ነው የሚያሳዝነው። በሮማዊው ገጣሚ በቨርጂል ስም የሚታወቅ አንድ አጭር ግጥም፣ ያረጁ ቃላት የሚያሳድድ የንግግር መምህርን ሲዘልፍ፣ «የጎሎች ታው» የሚል ነገር ጣል ያደርጋል። በ4ኛው መቶ ዘመን የቦርዶው ገጣሚ አውሶኒዩስ ይህ ታው ምን እንደሆነ ግልጽ አይደለም ብሎ ጠየቀ። ጎል ተወልዶ ያደገ ሰው እንዲህ ካለ፣ በዚያ ዘመን ሟቹ አልጋ ላይ ሳይሆኑ መቃብር ውስጥ ነበሩ ማለት ነው።

ከለቅሶው ድንኳን ጥግ አንድ ድምፅ ይሰማል፦ «ምን ትልቅ ሰው ሞተና ነው? ያጌጠ ዲ አይደለም እንዴ?» ይህን የሚል አማርኛ አንባቢ ከሆነ ግን ቢያፍር ይሻለዋል። የግእዙ ተ ራሱ ላይ ሰረዝ ደፍቶ ቸ ሲሆን፣ ደም ጀ ሲሆን፣ ጌጥ ነው ብለን አናልፈውም። ማስረጃውም በድንጋይ ላይ አለ። የፈውስ ምንጮች አምላክ የነበረችው ሲሮና በአንዱ ጽሑፍ በኤስ፣ በሌላው በዲ፣ በሌላው በሰረዛሙ ዲ ተጽፋለች። ድንጋይ ጠራቢዎቹ ሁሉ መሃይም ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ግን መሃይምነት ሁልጊዜ በዚያው ድምፅ ላይ ብቻ አይሰናከልም። የተሰናከሉት ላቲን ራሷ ለዚያ ድምፅ ፊደል ስላልነበራት ነው። በደቡብ ፈረንሳይ ላ ግሮፈዘንክ የሚገኙት የሸክላ ሠሪዎች መዝገቦችም ይህንኑ ይመሰክራሉ፦ የአንድ ምድጃ ሙሉ ዕቃ የሚጠራበትን ቃል ሲጽፉ አንዳንዴ ቴታን፣ አንዳንዴ ሰረዛሙን ዲ ያስገባሉ። ዕቃውን ቆጥሮ የሚያስረክብ ሰው ለጌጥ ጊዜ የለውም።

«ንጉሥ ያላወጀው ፊደል ፊደል አይባልም» የሚልም ይኖራል። ንጉሥ ያወጀውንማ አይተናል። ንጉሠ ነገሥት ክላውዲዮስ በዚያችው በጎል፣ በሊዮን ከተማ የተወለደ ሰው ነው፤ ዙፋን ላይ ሲወጣ ለላቲን 3 አዲስ ፊደላት ጨመረ፤ የትውልድ አገሩን ፊደል ግን ዞር ብሎ አላየም። እሱ በ54 እ.ኤ.አ. ሲሞት ፊደላቱም አብረውት ከጽሕፈት ወጡ። አዋጅ ያላገኙት ሟቻችን ግን በሸክላ ሠሪው ጭረት እየታገዙ ሥራቸውን ቀጠሉ። ወገንተኝነቱ እስከ ዘመናችን መዝለቁ ነው የሚገርመው፦ ዩኒኮድ የተባለው የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ በ2006 እ.ኤ.አ. የክላውዲዮስን ፊደላት መዝግቦ ሲጨርስ፣ የጎሉ ዲ እስከ 2020 ደጅ ጠኑ።

ሲመዘገቡም «የጎሎች ታው» አልተባሉም፤ «አጭር ሰረዝ ያለበት ዲ» ተባሉ፣ ሰረዛም ኤስ የተባለ ዘመዳቸውም አብሯቸው ገባ። ደረቅ ስም ነው ብለው ያጉረመረሙ አሉ። እኔ ግን ከስሞቻቸው ሁሉ የታመነው ይህ ነው እላለሁ። ዘላፊው ግጥም የጠቀሰው ታው እኚሁ መሆናቸውን በእርግጥ ያረጋገጠ የለም፤ ድምፃቸውም በግምት የተደረሰበት ነው፤ ሰረዟ ግን በዓይን የምትታይ ናት። የዘላፊ ስም ከመቃብር ድንጋይ ላይ ቢነሳ ሟች አይከፉም።

አንድ ልመና ብቻ አለኝ። የጎል ጽሑፍ ስትተይቡ ክሮኤሺያኛና ቬትናምኛ የሚጻፉበትን ባለ ሰረዝ ዲ በሟቹ ቦታ አታስቀምጡ። ያኛው በሕይወት ያለ የሌላ ቤት ልጅ ነው፣ ለዚህ ለቅሶ አልተጠራም።