ሯጭ ከፈለጋችሁ አሰላ ቅርብ ናት

የዝውውር መስኮት ሲቃረብ አዳማ ውስጥ መልማይ ያልሆነ ሰው የለም። ጥያቄው አንድ ነው፦ አዳማ ከተማ የቱን የመስመር አጥቂ ያስፈርም? ለሚነሳው ሁሉ መልስ አለኝ።

«ልጁ እኮ ሲሮጥ ዓይን አይዘውም!»

ጋሼ፣ ሩጫ ብቻ ከሆነ አሰላ 75 ኪሎ ሜትር ናት። ኃይሌን ያፈራ አገር ሯጭ አያጣም። እኛ የቸገረን የመስመሩ ጫፍ ሲደርስ ቀና ብሎ ጓደኛውን የሚያይ ነው።

«ፍጥነቱ ካለው ሌላውን እናስተምረዋለን።»

አሜሪካኖችም ሞክረውታል። በእነሱ እግር ኳስ ክለቦች ወጣቶችን በየዓመቱ በተራ ይመርጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ጆን ሮስ 40 ያርድ በ4.22 ሰከንድ ሮጠና 9ኛ ሆኖ ተመረጠ። በመጀመሪያ ዓመቱ አንድ ኳስ እንኳ አልያዘም። ኩፐር ከፕ 4.62 ፈጀበት፤ 68 ሰው ተመርጦ ካለቀ በኋላ ነው የተጠራው። በ2021 የውድድር ዘመን በያዛቸው ኳሶችም፣ በያርድም፣ በተችዳውንም ሊጉን መራ፤ የሱፐር ቦውል ኮከብም ሆነ። ሰዓት የያዘው ሰው ኳሱን አላየም።

«አቦ፣ የእኛው ሦስት ሰው ያልፋል!»

አራተኛው ማነው? በረኛው ከሆነ አስፈርሙት። የማዕዘኑ ባንዲራ ከሆነ ተዉት።

«ቪዲዮውን ልላክልህ?»

ቪዲዮው 3 ደቂቃ ነው፤ ጨዋታው 90። 87ቱን ማን ቆረጠው?

«ክሮሱ ሰማይ ይነካል።»

የአዳማን ነፋስ ረሳኸው? ከከተማው ዳር ከ130 በላይ የነፋስ ተርባይን የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሰዓት በኋላ ከፍ ብሎ የተሻማ ኳስ አጥቂው እየዘለለ ከጎሉ ጀርባ ይወርዳል። እዚህ የሚያዋጣው እስከ መጨረሻው መስመር ይዟት ገብቶ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ወደሚመታበት ነጥብ በመሬት የሚመልሳት ልጅ ነው። ተከላካዩ ፊቱን ወደ በረኛው አዙሮ ስለሚሮጥ ዞሮ እስኪደርስባት አጥቂው መትቷታል።

«የሻሸመኔው ልጅ ስም የለውም።»

ሻሸመኔ ከተማ በ2016 ፕሪሚየር ሊግ ላይ ነበር፤ የወረደው ክለቡ ነው፣ ልጆቹ እግራቸውን አልጣሉም። ስም የሚገኘው ተሰልፎ ነው። ጥር 2014 ያውንዴ ላይ፣ በአፍሪካ ዋንጫ፣ በ4ኛው ደቂቃ ካሜሩን ላይ ያገባው ዳዋ ሆቴሳ የአዳማ ከተማ ተጫዋች ነበር። 4 ለ 1 ብንሸነፍም ያቺን ጎል ያገባው የእኛው ማሊያ ለባሽ ነው። ስም ስትፈልጉ ከደጃችሁ ጀምሩ።

«ሁለቱ እኩል ቢሆኑብንስ?»

85ኛው ደቂቃ ላይ ኳስ ሲቀሙ እዩዋቸው። አንዱ ወገቡን ይዞ ይቆማል። ሌላው ተመላላሹን ለመርዳት ወደ ኋላ ይመለሳል። ፈጣን ነው ያላችሁኝ ልጅ ያኔ ካልሮጠ ብዕሩን አስቀምጡት።

«ገንዘቡስ?»

ገንዘቡ የከተማው ሕዝብ ነው። ከባቱ፣ ከመቂና ከመተሐራ ልጆችን ለሙከራ ጥሩበት። ያኔ ይሮጣል የምትሉትንም፣ ይጨርሳል የምትሉትንም በገዛ ሜዳችን፣ በገዛ ነፋሳችን እናያቸዋለን።