ወደ ኋላ ይበላል ወይስ አይበላም?

ዳማ ላይ ሕግ የሚታወሰው ጠጠር ሲበላብን ነው። እየበላ ያለ ሰው ስለ ደንብ ሲከራከር አይቼ አላውቅም።

ቆቃ መንገድ ዳር፣ አሳው እስኪጠበስ የሚጠብቁ የከባድ መኪና ሹፌሮች ካርቶን ላይ መስመር ያሰምሩና ቆርኪ ይደረድራሉ፤ ያንዱ በሆዱ፣ የሌላው በጀርባው። (በጣሊያን የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ያለቀው ግድብ ሐይቁን ባያመጣ፣ አሳውም ሙግቱም ባልኖረ።) ከአዳማ (ከናዝሬት) የመጣው፣ «ያልነገሠ ጠጠር ወደ ኋላ አይበላም!» ይላል። ከሐዋሳ የመጣው ግን ሁለት በልቶ ቆርኪዎቹን ኪሱ ከቷል።

«የት አገር ነው የማይበላው?»

«ናዝሬት!»

«ታዲያ አሁን ናዝሬት ነን?»

ከዚያ በኋላ ተመልካቹ ሁሉ ዳኛ ነው። ዳማ የማያውቀው ደግሞ ከሁሉም አብልጦ ይጮኻል። መጨረሻ ላይ መኪና የሚጠብቁት ሽማግሌ ይጠራሉ። «አባባ፣ እስቲ ይፍረዱን!»

«ስትጀምሩ ተነጋግራችኋል?»

«አልተነጋገርንም።»

«እንግዲያው የበላ በላ። ከሚቀጥለው ጨዋታ ጀምሮ አይበላም።»

ይግባኝ የለም፤ አሳው ደርሷል።

እንዲህ ያለው ሙግት የኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖቹ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 እ.ኤ.አ. «ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» የሚባል፣ ጠረጴዛ ከብበው ዳይ እየጣሉ በምናብ የሚዋጉበት ጨዋታ አወጡ። የደንቡ መጻሕፍት ዛሬ መደርደሪያ ይሞላሉ። ሙግቱ ግን አልቀረም፤ ሰይፉ ደረሰ አልደረሰም ሲባል ውጊያው ይቆማል። እዚያም የሚገላግለው የጨዋታው መሪ ነው፤ ብልህ ከሆነ ወዲያው ፈርዶ ያስቀጥላል፣ መጽሐፉን ጨዋታው ሲያልቅ ይገልጣል። የቆቃው ሽማግሌ መጽሐፍ ስለሌላቸው ከዚህ ድካም ድነዋል።

የአያቶቻችን ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ ደግሞ ከሁሉም ይለያል። መጀመሪያው ወረራ ነው፤ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፣ ሁለቱም የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። «ተራዬ ነው» ብሎ መጣላት አይቻልም፤ ጠቡ እስከ መጀመሪያው መብላት በቀጠሮ አደረ ማለት ነው። ይህን ያሰበ ሰው ብዙ ሙግት የሰለቸው መሆን አለበት።

እናንተም በቆቃ ስታልፉ ቆርኪ ከመደርደራችሁ በፊት «ወደ ኋላ ይበላል ወይስ አይበላም?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ምስክር ባለበት። ከሐዋሳ ከመጣው ሹፌር ጋር ደግሞ በምሳ ሒሳብ አትወራረዱ።